ባልጩት፣ ብናኝና ብራና፦ አርኪዮሎጂ የማን ትምህርት ነው?

በአገራችን አንድ ተማሪ ከአሥረኛ ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲያልፍ ከሁለት መንገድ አንዱን ይመርጣል። የተፈጥሮ ሳይንስን የመረጠው ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ባዮሎጂን ይዞ ይቀጥላል፤ ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠው ደግሞ ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ኢኮኖሚክስን። ብዙዎቻችን የመረጥነው ጓደኞቻችን ወደ ሄዱበት ነው፤ አለዚያም ሒሳብ ፈርተን፣ ወይም ቤተሰብ ወስኖልን። ሕግ ወይም ሕክምና ለሚያጠና ሰው ይህ ክፍፍል ያን ያህል አይጎዳው ይሆናል። አርኪዮሎጂን ሊማር ለሚመጣ ተማሪ ግን የሙያውን ግማሽ ገና ሳይጀምረው ይዘጋበታል።

እኔ የመጣሁት ከማኅበራዊው ወገን ሲሆን አሁን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የማጠናው አርኪዮሎጂን ነው። በዚህ ጽሑፍ ማስረዳት የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለ። አርኪዮሎጂ የበርካታ ትምህርቶች መገናኛ ነው ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ተማሪው ከየዘርፉ ትንሽ ትንሽ እንደሚቀምስ አድርጎ ነው። እንዲህ ያለው ሥልጠና ግን አርኪዮሎጂስት አያወጣም። የሚያስፈልገው አንዱን ዕውቀት ጠልቆ የያዘ፣ የሌሎቹን ማስረጃ ደግሞ ለመመዘንና ለመጠየቅ የሚበቃ ሰው ነው። በአዲስ አበባ ነገሩ በመልክዓ ምድርም ጭምር ይታያል፤ ታሪክና ማኅበራዊ ጥናት በስድስት ኪሎ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ በአራት ኪሎ ይሰጣል፤ ሉሲን የምናይበት ብሔራዊ ሙዚየም ደግሞ በሁለቱ መካከል፣ አምስት ኪሎ ላይ ይገኛል። የዚህ ሙያ ተማሪ ቦታው በእርግጥም እዚያ መካከል ነው ብዬ አምናለሁ።

የምኖረው ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ዓለም ገና ነው። ከዚህ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ የአዋሽን ወንዝ በሚሻገርበት አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ መልካ ቁንጡሬ የተባለው የጥንት ሰዎች ቅሪት የሚቆፈርበት ስፍራ አለ። ስፍራው በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ዛሬ ስሙን የሚያውቀው ሰው በርክቷል። የተገኘበት ታሪክ ግን እምብዛም አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1963 በወንዙ ዳርቻ የነበሩትን የድንጋይ መሣሪያዎች አስተውሎ ለተመራማሪዎች ያሳወቀው ጄራርድ ዴከር የተባለ ኔዘርላንዳዊ ሲሆን ሙያው የውኃ ጥናት ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ቁፋሮውን የመራው ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የጣሊያን ቡድን በማርቼሎ ፒፔርኖ፣ ቀጥሎም በማርጌሪታ ሙሲ መሪነት ሥራውን ቀጥሏል። የወንዝን አካሄድ የሚያነብ ሰው ቀድሞ ያየው በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም፤ ወንዙ የሚሸረሽረውን ገደል ትኩር ብሎ መመልከት የእርሱ የዕለት ሥራ ነበርና።

በመልካ ቁንጡሬ ውስጥ ጎምቦሬ በተባለው ቦታ የተቆፈረ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ቅርስ ሳይሆን አፈር ነው። ከታች ክብ ክብ የወንዝ ጠጠር፣ በላዩ ደቃቅ አሸዋ፣ ከዚያ ጠቆር ያለ ጭቃ፣ በመካከል ደግሞ ነጣ ብሎ እንደ መስመር የሚታይ የእሳተ ገሞራ አመድ። የድንጋይ መሣሪያው በራሱ ዕድሜውን አይናገርም፤ ድንጋዩ የተፈጠረበትን ዘመን መለካት ይቻል ይሆናል እንጂ ሰው የጠረበበትን ዘመን አይሰጠንም። ዕድሜውን የምናውቀው ከበላዩና ከበታቹ ካለው አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም ያላቸው ማዕድናት አሉ፤ ፖታሲየም-40 ቀስ በቀስ እየተበታተነ ከፊሉ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ግማሽ ዕድሜውም፣ ማለትም ግማሹ ለመለወጥ የሚፈጅበት ጊዜ፣ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያህል ስለሆነ በማዕድኑ ውስጥ የተጠራቀመውን አርጎን በመለካት እሳተ ገሞራው የፈነዳበትን ጊዜ ማስላት ይቻላል። በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው የካርቦን-14 ልኬት ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ገደማ በመሆኑ ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ እምብዛም አይረዳም፤ ስለዚህ ለመልካ ቁንጡሬ ጥንታዊ ንጣፎች አይውልም። ይህን ሁሉ ኬሚስቱ ያውቀዋል። ኬሚስቱ ከቤተ ሙከራው ሆኖ ሊያውቀው የማይችለው ግን መሣሪያዎቹ የተገኙት ሰዎቹ በጣሉበት ቦታ ይሁን ወይስ ጎርፍ ከሌላ ስፍራ አምጥቶ የከመራቸው ይሁኑ የሚለውን ነው። የድንጋዮቹ ጠርዝ ስል መሆኑ ወይም በውኃ መታሸቱ፣ ረጃጅሞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛታቸው ወይም መበታተናቸው፣ ይህ የሚታየው በቁፋሮው ወቅት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ካልተመዘገበ ዳግመኛ አይገኝም። እጅግ ትክክለኛ የሆነ የዘመን ልኬት በተሳሳተ ንጣፍ ላይ ከተሠራ የሚሰጠን በጥንቃቄ የተለካ ስሕተት ነው።

አንድ ማስረጃ በተለያየ ዘመን በተለያየ ዕውቀት ሲጠየቅ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ለማየት በዚያው በመልካ ቁንጡሬ ጋርባ 4 ከተባለው ቦታ የተገኘውን የሕፃን መንጋጋ የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1981 ተገኘ። የሕፃን በመሆኑ የየትኛው የሰው ዘር እንደሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ሆኖ ለአሥርተ ዓመታት አከራከረ፤ መለያ የሚሆኑት ቋሚ ጥርሶች ገና አልበቀሉምና። እነዚያ ጥርሶች ግን በመንጋጋው አጥንት ውስጥ መፈጠር ጀምረው ነበር። ተመራማሪዎች አጥንቱን ሳይነኩ በሲንክሮትሮን፣ ማለትም ኃይለኛ ኤክስ ሬይ በሚያመነጭ ትልቅ መሣሪያ፣ በተነሣ ምስል ውስጡን አይተው ያልበቀሉትን ጥርሶች ቅርጽ አጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናትም ከእኛ በፊት የኖረው የሰው ዝርያ የሆሞ ኢሬክተስ መሆኑን ገለጹ። በዚሁ ጥናት የምድር መግነጢሳዊ አቅጣጫ በደለሉ ውስጥ የተወውን አሻራ በመለካት መንጋጋው የተገኘበት ንጣፍ ዕድሜ 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል፣ ከእርሱ በላይ ያለውና አሹሊያን የሚባሉት የእጅ መጥረቢያ ያለባቸው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ንጣፍ ደግሞ 1.95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገምቷል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር በሚደርስ ቀዝቃዛ ደጋ ላይ በዚያ ዘመን ሰው መኖሩ ብዙ ነገር እንደገና እንዲታሰብ አድርጓል። ቆፋሪ፣ የጥርስ አናቶሚ ባለሙያ፣ ፊዚሲስት፣ የመግነጢስ ተመራማሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያን ስስ አጥንት አርባ ዓመት ሳይጠፋና ሳይሰበር ያቆየ የቅርስ ጠባቂ ድካም በአንድ ጽሑፍ ተገናኘ። በቅርስ ጥበቃ የሚሠለጥኑ ጓደኞቼ ሙያቸው ከምርምሩ ዝቅ ተደርጎ ሲታይ እሰማለሁና ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

ያ ደጋ ምን ይመስል ነበር የሚለውን የሚመልሰው ደግሞ የአበባ ብናኝ ነው። በመልካ ቁንጡሬ የጥንት ብናኝ ላይ መሠረት የሆነውን ጥናት የሠራችው ሬይሞንድ ቦንፊል ስትሆን፣ ከአፈሩ የወጣው ብናኝ የደጋ ዕፀዋትን መኖር ያሳያል። ብናኝ ከአፈር ሲለይ አሸዋውና ሸክላው በአሲድ ይሟሟል፤ የብናኙ ቅርፊት ግን አሲዱን ተቋቁሞ ይቀራል። የዝግባ ብናኝ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መካከሉ ክብ ሆኖ በግራና በቀኝ ሁለት የአየር ከረጢት አለው፤ አንድ ጊዜ ያየው ሰው ከሌላ አያምታታውም። ከረጢቶቹ ግን ብናኙ በነፋስ ሩቅ እንዲሄድ ያግዙታል። እንግዲህ ጥቂት የዝግባ ብናኝ በአንድ ንጣፍ ውስጥ መገኘቱ ዛፉ እዚያው አጠገብ ለመብቀሉ ማስረጃ ይሆናል? ይህን ለመመለስ ዛሬ ዝግባ ካለበት ጫካ ሥርና ከሌለበት ሜዳ የአሁኑን ብናኝ ሰብስቦ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ለእኛ ለዚህ አካባቢ ሰዎች ደግሞ ማነጻጸሪያው ቅርብ ነው፤ በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ጫካ ጽድን፣ ዝግባን፣ ወይራንና ኮሶን እስከ ዛሬ ይዟል። ከትልቅ ጽድ ሥር ያለ የድንጋይ ሽበት (ሞስ) ወይም እርጥብ አፈር ለብናኝ ጥናት ጥሩ ናሙና ነው። የአርኪዮሎጂ ተማሪ ዕፀዋትን በስማቸው ካላወቀ፣ በተለይም የአካባቢው ገበሬ በሚጠራቸው ስም ካላወቀ፣ የዕፀዋት ባለሙያው የጻፈለትን ሠንጠረዥ እንዳለ ተቀብሎ ከማተም ሌላ ምርጫ የለውም።

በዚያው በጎምቦሬ 700 ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የአዋቂዎችና የሕፃናት እግር አሻራ ከጉማሬና ከሌሎች እንስሳት ዱካ ጋር መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ገልጿል። አዋቂዎች ጉማሬ ሲበልቱ ሕፃናትም በዚያው እንደነበሩ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ዱካ ማንበብ የራሱ ባለሙያ አለው፤ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅም የዚህ ዕውቀት ጅማሮ በእጁ አለ።

ባልጩት የዚህ አካባቢ ዋና ሀብት ነው። ከመልካ ቁንጡሬ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ባልጪት በተባለው ስፍራ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ በብዛት ይገኛል፤ ወንዞችም ከዚያ እያንከባለሉ ወደ ታች ያወርዱታል። ሲምቢሮ በተባለው ቦታ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በብዛት ከባልጩት የእጅ መጥረቢያ ይጠርቡ እንደነበር ታውቋል። የባልጩት ስንጣሪ በእጅ ተይዞ ወደ ብርሃን ሲዘነበል፣ ምቱ ባረፈበት አቅራቢያ ጎላ ያለች እብጠት ትታያለች፤ ከእርሷም እየሰፋ የሚሄድ ክብ ክብ ሞገድ በስንጣሪው ሆድ ላይ ተስሎ ይቀራል። ይህ ምልክት ምቱ ከየት እንደመጣና በምን ያህል ኃይል እንዳረፈ ለሚያውቅ ሰው ይነግረዋል፤ በጎርፍ ተንከባሎ የተሰበረን ድንጋይ ከተጠረበ ድንጋይ ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶችም አንዱ ይህ ነው። ባልጩት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ መስታወት ስለሆነም እያንዳንዱ ምንጭ በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች መጠን ይለያል። በኤክስ ሬይ የሚሠራ መለኪያ የስንጣሪውን ይዘት ከምንጮቹ ይዘት ጋር ሲያነጻጽር ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በዚህ መንገድ ነው የጥንት ሰዎችን ጉዞና የዕቃ ልውውጥ መከተል የሚቻለው።

ኬሚስትሪው ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ይነግረናል፤ ማን እንደጠረበው፣ ከማን እንደተማረው፣ መቼ ስሎት መቼ እንደሚጥለው ግን አይነግረንም። እዚህ ላይ ከዓለም ሁሉ ኢትዮጵያን ልዩ የሚያደርግ ሀብት አለ። በኮንሶ፣ በጋሞና በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ድንጋይ ጠርበው፣ በእንጨት እጀታ አስገብተው ቆዳ ሲፍቁ ኖረዋል። በኮንሶ ሥራውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ድንጋዩን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ራሳቸው ይጠርባሉ፣ ለልጆቻቸውም ያስተምራሉ። የድንጋይ ዘመንን በሥዕል የሚያሳዩ መጻሕፍት ዘወትር ጠራቢውን ወንድ አድርገው ሲስሉት ለቆዩት፣ ከእነዚህ እናቶች ጋር የተደረገው ጥናት ጠንካራ መልስ ሰጥቷል። ቆዳ ፋቂዎች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች በአገራችን ብዙ ቦታ ተንቀው፣ ጋብቻና ማዕድ ተከልክለው የኖሩ ወገኖች ናቸው። ዕውቀታቸውን ለመማር የሚሄድ ተማሪ በቃለ መጠይቅ አያያዝ፣ በፈቃድ አጠያየቅና በአክብሮት ካልሠለጠነ ሁለተኛ በደል ይፈጽምባቸዋል። ስለዚህ አንትሮፖሎጂ በዚህ ትምህርት ውስጥ እንደ ማጣፈጫ የሚጨመር አይደለም፤ ከኬሚስትሪው እኩል ጥብቅነት የሚጠይቅ ነው።

ስለ እህል ዘርም ማንሳት እወዳለሁ፤ ከዘዴ ምርጫ አንድ ሕዝብ ታሪክ ሊያጣ እንደሚችል የገባኝ በዚህ ነውና። በቁፋሮ ጊዜ አፈሩ የሚነፋበት ወንፊት ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጤፍ ደግሞ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። የከሰለች የጤፍ ፍሬ እንዲህ ካለው ወንፊት ሾልካ ከአፈሩ ክምር ጋር ትጣላለች። ከሰል የሆኑ ዘሮችን ለማውጣት አፈሩን በውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ቀስ አድርጎ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ምስር ሲታጠብ ገለባው ከላይ እንደሚንሳፈፍ፣ ከሰሉም ወደ ላይ ይወጣል፣ አፈሩና ጠጠሩ ይሰምጣል። የሚንሳፈፈውን የሚቀበለው ጨርቅ ታዲያ ለስንዴና ለገብስ የተመረጠ ከሆነ ጤፍ እንደገና ታመልጣለች፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። ዘዴውን ከሌላ አገር መጽሐፍ እንዳለ የወሰደ ቡድን «ጤፍ አልተገኘም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ያልተገኘው ግን ስላልተፈለገ ነው።

የእንሰት ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ገበሬው እንሰትን የሚያራባው ከሥሩ በሚወጣ ቡቃያ ነው፤ የሚቆርጠውም ፍሬ ሳያፈራ ነው። የሚበላው ክፍል ለስላሳ ስለሆነ ይበሰብሳል። በርሜሉ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ የእንሰት ዘር አይንሳፈፍለትም። ተስፋው በቅጠሉ ውስጥ በሚፈጠሩ የሲሊካ ቅንጣቶችና በድንጋይ ወይም በሸክላ ላይ ተጣብቆ በሚቀር የስታርች ብናኝ ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይታዩም። ከዓለም ገና በዚያው በቡታጅራ መንገድ ጥቂት ሰዓት የተጓዘ ሰው የሚደርሰው እንሰት የኑሮ መሠረት ከሆነበት ምድር ነው። ዘር ቆጣሪ አርኪዮሎጂ ብቻ ይዘን ከሄድን የጤፍና የገብስ አገር ታሪክ ሲኖረው የእንሰት አገር ባዶ ሆኖ ይቀርብናል። ይህን ጉድለት የሚያስተካክለው የዕፀዋት ባለሙያውና የጉራጌ እናቶች ዕውቀት ተገናኝተው ነው።

የሌላውን ሙያ ማስረጃ መመዘን መቻል ለምን እንደሚያስፈልግ በጋሞ ደጋ የሚገኘው የሞጣ ዋሻ በጉልህ ያሳያል። በዚያ የተገኘውና ባይራ የተባለው ሰው ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ነው፤ የዘረመል ንባቡም እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ የጥንት ሰው ጂኖም ሆነ። ጥናቱ በዚያን ጊዜ ከዩራሲያ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ሕዝብ የዘር አሻራ በመላው አህጉር ተሰራጭቷል የሚል መደምደሚያም ነበረው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደራሲዎቹ ራሳቸው እርማት አወጡ፤ በኮምፒዩተር ሥራው ላይ አንድ እርምጃ በመዘለሉ አህጉሩን ሁሉ የሚመለከተው ክፍል የተጋነነ መሆኑን አመኑ። ስሕተቱን በይፋ ማረማቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን በእነዚያ ወራት ውስጥ መደምደሚያውን ተቀብሎ ያስተማረ የታሪክ ወይም የአርኪዮሎጂ መምህር ለመጠራጠር የሚያስችል መሣሪያ ነበረው? ስታቲስቲክስን «ከሒሳብ ሸሽቼ ነው የመጣሁት» ብለን የምንዘለው ተማሪዎች ልናስብበት ይገባል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ብራናና ካርታ አለ። ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባዘጋጀው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የተባለች ከተማ የኢትዮጵያ ንጉሥ ዋና መቀመጫ ተብላ ተመልክታለች። እ.ኤ.አ. በ2009 ሃርትቪግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክረስት ባሳተሙት ጥናት ከወጨጫ እስከ የረር ባለው ምድር ያሉ የጥንት ሰፈራዎችን ፍርስራሽ መዝግበው ባራራን በዚሁ አካባቢ ፈልገዋታል። ማለትም እኛ ዛሬ ቤት በምንሠራበትና ታክሲ በምንጠብቅበት መሬት ማለት ነው። ከተማዋ በትክክል የት እንደነበረች የሚደረገው ክርክር አልተዘጋም። ክርክሩ የዛሬ ማንነትንና የመሬት ጥያቄን ስለሚነካም ብዙ ሰው ማስረጃ ሳይመረምር ወገን ይመርጣል። እዚህ ላይ ግዕዝና ዐረብኛ የሚያነብ፣ የጣሊያን ነጋዴዎችን የጉዞ ማስታወሻ የሚመረምር፣ የኦሮሞን የቃል ታሪክና የቦታ ስያሜ የሚያውቅ፣ የሸክላ ስባሪን በዘመን የሚለይ፣ የሳተላይት ምስል ላይ የድንጋይ ካብ መስመር የሚያስተውል፣ እነዚህ ሁሉ አብረው ካልተቀመጡ ማንም ብቻውን አይፈታውም። የካርታው ጽሑፍ የፍርስራሹን ግንብ ዘመን አይወስንም፤ የግንቡ ከሰል በካርቦን-14 ቢለካም የከተማዋን ስም አይነግረንም። ሁለቱ ማስረጃዎች በየራሳቸው ተመዝነው ሲገጥሙ ብቻ ነው ስለ ባራራ በልበ ሙሉነት መናገር የሚቻለው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በአራት ዓመት ዲግሪ ውስጥ እንዴት ይማሩታል? በየሴሚስተሩ «መግቢያ» የሚል ስም ያላቸው ኮርሶችን መደርደር መልስ አይመስለኝም። ለጂኦሎጂ መግቢያ፣ ለአንትሮፖሎጂ መግቢያ፣ ለስታቲስቲክስ መግቢያ ተምሮ የጨረሰ ተማሪ ብዙ ቃላት ያውቃል፤ አንድ የአፈር ግድግዳ ስሎ ለጂኦሎጂስት ማስረዳት ግን ያቅተዋል። እኔ የምደግፈው ሌላ መንገድ ነው። በሁለተኛው ዓመት ተማሪው አንድ ጥልቅ ሙያ ይምረጥ፤ ድንጋይ፣ አጥንት፣ ዕፀዋት፣ አፈር፣ ሸክላ ወይም ጥንታዊ ጽሑፍ። ኬሚስትሪውን ወይም ግዕዙን የሚማረው ለዚያ ሙያ በሚያስፈልገው መጠን ይሁን፤ ሲማረውም ከኬሚስትሪ ወይም ከግዕዝ ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ፣ በእነርሱ ፈተና ይፈተን። ከዚያ በመስክ ሥራ ላይ የተለያየ ጥልቅ ሙያ ያላቸው ተማሪዎች በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ይሰብሰቡና አንድ ዘገባ በጋራ ይጻፉ። ስታቲስቲክስን ግን ማንም ሊያመልጠው አይገባም። ይህን ሳልል ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም፤ የእኛ አገር ቅሪተ አካላትና ቅርሶች የዘመን ልኬት በአብዛኛው የሚሠራው በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ነው። ከስለሺ ሰማው የጎና (አፋር) የድንጋይ መሣሪያዎች እስከ ዮናስ በየነ የኮንሶ የእጅ መጥረቢያዎች ድረስ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በዓለም ፊት የቆሙት ከእነዚያ ቤተ ሙከራዎች ጋር በእኩልነት መነጋገር ስለቻሉ ነው። ቀጣዩ ትውልድ ናሙና አሽጎ ላኪ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የምሰጋው በምክንያት ነው።

ሥራ ይገኝበታል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ወላጆች አሉ። ሙዚየም፣ የቅርስ ጽሕፈት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ቱሪዝም አሉ፤ ብዙ ቦታ ግን የለም። እኔ ሥራው ይበልጥ ሊሰፋ ይገባዋል የምለው በዚሁ በከተማዋ ዳርቻ ነው። በሰበታ፣ በገላን፣ በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱ በየቀኑ ለሕንፃና ለመንገድ መሠረት መሬት ይቆፈራል። ማንም አርኪዮሎጂስት ገንዘብ አግኝቶ የማይቆፍረውን ጥልቀት ኤክስካቫተር በአንድ ጠዋት ይከፍተዋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ነገር ግን የማሽን ነጂው ጥቁር መስመር ከሰል መሆኑን፣ ስል ድንጋይ የተጠረበ መሆኑን ማን አሳይቶት ያውቃል? በተከፈተ የመሠረት ጉድጓድ ፊት አንድ የአፈር ተማሪ ግድግዳውን ቢስል፣ አንድ የሸክላ ተማሪ ስባሪውን ቢመዘግብ፣ አንድ የዕፀዋት ተማሪ ከከሰሉ መስመር ላይ ናሙና ቢያነሳ፣ አንዱ ደግሞ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ስለ ቦታው ቢጠይቅ፣ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ብዙ ነገር ይተርፋል። የቅርስ ፍለጋና ጥናት ፈቃድ ስለሚጠይቅ ግን ይህን ሁሉ መጀመር ያለብን የሚመለከተውን አካል አስፈቅደን ነው።

ይህ ዓይነቱ የጋራ ምዝገባ ለመመረቂያ ሥራ እንዲቆጠር የሚጠይቅ ሐሳብ ለትምህርት ክፍሌ ለማቅረብ ረቂቅ ጀምሬአለሁ። የግድግዳ አሣሣሉንና የናሙና አያያዙን ክፍል እኔ ልጽፈው እችላለሁ፤ የማዕድን፣ የብናኝና የጽሑፍ ምንጭ ክፍሎቹን ግን የሚያውቃቸው ሰው ቢጽፋቸው ይሻላል። ከጂኦሎጂ፣ ከዕፀዋት ጥናት፣ ከኦሮምኛ የቃል ታሪክ ወይም ከግዕዝ ወገን ሆናችሁ በዓለም ገና፣ በሰበታ ወይም በአቃቂ አካባቢ የምትኖሩ ካላችሁ፣ የክረምቱ ዝናብ ቁፋሮውን ከማስቆሙ በፊት ረቂቁን አብረን ብንጨርሰው ደስ ይለኛል።